ወተት መድኃኒት ያደርሳል ያልኩ ጊዜ

ፋርማሲ ተምሬ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት እየሠራሁ ሳለ፣ ቤተሰቦቼን ልጠይቅ ሮቤ ገባሁ። ላሞች ያሏቸው ጎረቤታችን አንድ ማለዳ ወተት ይዘውልን መጡና "ምንድን ነው የምታጠኚው ልጄ?" አሉኝ።

መኩራት አማረኝ። "እርስዎ በሚያመጡልን ወተት ውስጥ ኤክሶሶም የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ከረጢቶች አሉ። የሰውነት ሴሎች እርስ በርስ መልእክት ይላላኩባቸዋል። እኛ ደግሞ መድኃኒት እንጭንባቸዋለን፤ ሳይበላሽ የታመመው ቦታ ድረስ ያደርሱታል" አልኳቸው። ነገሩ ገና ሙከራ ላይ መሆኑን፣ እኔም ከቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውጭ ሲሠራ እንዳላየሁ አልነገርኳቸውም። አፋቸውን ይዘው ሲገረሙ ደስ አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለቤታቸውን ጎባ ሐኪም ቤት ሲወስዱ አብሬ ሄድኩ። ሰውየው ከጋሪ ወድቀው እግራቸው ቆስሎ ነበር፤ መድኃኒት እየወሰዱም ቁስሉ አመረቀዘ። ሐኪሙ እንክብሉን አየና "በምንድን ነው የሚውጡት?" ብሎ ጠየቀ።

"በወተት" አሉ ሚስትየው ፈጠን ብለው። "ጠዋትም ማታም።"

"ይሄ እኮ ከወተት ጋር አይወሰድም! ወተቱ ይዞ ያስቀረዋል፤ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ማነው እንዲህ አድርጉ ያላችሁ?"

ይህን እኔ ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶ መልሼዋለሁ። ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ "ማንም አላለኝ፤ ከራሴ ነው" አሉ።

"እግራቸውን ሊያሳጧቸው ነበር እኮ!" ሐኪሙ ተቆጣቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እኔ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ የማነብ አስመሰልኩ።

ወደ ሮቤ ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ "ለምን ከእኔ የሰሙት መሆኑን አልነገሩትም?" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"የተማርሽ ልጅ ነሽ። ሰው ፊት ላዋርድሽ?"

በማግስቱ ብቻዬን ጎባ ሄጄ ለሐኪሙ እውነቱን ነገርኩት። "ለእኔ ምን ያደርግልኛል? የተቆጣሁት እሳቸውን ነው" አለኝ። ከዚያው በቀጥታ ጎረቤቶቻችን ቤት ሄጄ ባልየው ባሉበት ተናገርኩ። "እግሬስ ይድናል" አሉ ሰውየው፤ "ትናንት ግን ስትሰደብ ቆመሽ አየሻት።"

እንክብሉን በውኃ መውሰድ ጀመሩ፤ ቁስሉም ቀስ በቀስ ደረቀ። ሚስትየውን ይቅርታ ስጠይቃቸው በኦሮምኛ "ዲሲ" አሉኝ፣ ተዪው ማለታቸው ነው፤ "እርሺው" ብለው እጄን ያዙኝ። እኔ ግን አልረሳሁትም። ባለማወቅ የተሳሳትኩ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አውቅ ነበር።