የእናቴ ሁለት ነጥብ

እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጇ ሲዝል፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጣቶቿን እንድታሠራ አጥብቃ መከረቻት። የሚጨበጥ ኳስ ገዛሁላት፤ ወዲያው ሰለቻት። በመጨረሻ ላፕቶፔን ፊቷ አስቀመጥኩላት።

«ምን ልጻፍ?» አለችኝ።

«ደስ ያለሽን፣ እማዬ።»

ከአባቴ ጋር ወደ ለቡ ሰፈር መጥተው ይህን የምንኖርበትን ቤት ሲሠሩ የነበረውን ጻፈች። በዙሪያቸው የሽምብራ ማሳ ነበር። ታክሲ ስለማይገባ ጫማቸውን በፌስታል ይዘው ጭቃውን ያቋርጡ ነበር። ቀስ እያለች ነው የምትጽፈው፤ በየቃሉ መካከልም በባዶ ቦታ ፈንታ ሁለት ነጥብ ታደርጋለች። የለመደችው እንደዚያ ነው።

ገጹ ሲሞላ ከእኔ የሥራ ጽሑፍ ጋር ላፍቶ ወስጄ ፕሪንት አስደረግሁት። እናቴ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ አየቻቸው። የእኔ በግራም በቀኝም ቀጥ ብሏል። የእሷ ግን በቀኝ በኩል አንዱ መስመር ገባ፣ ሌላው ወጣ ይላል።

«እጄ ነው» አለች።

«እጅሽ አይደለም። መስመሩን የሚያስተካክለው ኮምፒውተሩ ነው።»

«አታባብይኝ፣ ልጄ።»

ላፕቶፑን ከደነችው። ከዚያ ወዲህ ጻፊ ባልኳት ቁጥር «ደክሞኛል» ትለኝ ጀመር። እኔ ግን ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ስትደብቅ አያታለሁ።

እኔ ፕሮግራመር ነኝ። የጻፈችበት ሶፍትዌር ደግሞ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ የቻለ ሰው ገብቶ ያርመዋል። ገብቼ አየሁት። ፕሮግራሙ የመስመሩን ጫፍ የሚያስተካክለው በቃላት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እያሰፋ ነው። እናቴ ባዶ ቦታ አትተውም። ስለዚህ የሚያሰፋው ነገር ያጣና መስመሩን እንዳለ ይተወዋል። በሁለት ነጥቡ ግራና ቀኝ ክፍተት እንዲጨምር አደረግሁት።

የመጀመሪያ ሙከራዬን ወስጄ አሳየኋት። ጫፉ ቀጥ ብሏል፤ አንዳንዱ መስመር ግን በሁለት ነጥብ ይጀምራል። እናቴ መነጽሯን አደረገች።

«ምን ጉድ ነው? ሁለት ነጥብማ መስመር አይጀምርም! ካለፈው ቃል ጋር ነው የሚቀረው።»

ያን ቆፍጣና የቢሮ ድምጿን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ስቄ ተመልሼ አረምኩት።

ማስተካከያዬን ሶፍትዌሩን በበጎ ፈቃድ ለሚንከባከቡት ሰዎች ላክሁ። ከመካከላቸው አንዱ፣ አገሩን እንኳ የማላውቀው ሰው፣ «ዛሬም እንዲህ የሚጽፍ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እናቴ አለች» ብዬ መለስኩለት።

«ሰላም በይልኝ» አለና ማስተካከያዬን ተቀበለው።

አንዲት ፊደል ሳልነካ ያንኑ ገጽ እንደገና ፕሪንት አስደርጌ መጣሁ። እናቴ የደከመውን እጇን ከነጠላው አውጥታ በቀኙ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችበት።

«እጄ አልነበረም ማለት ነው?»

«አልነበረም፣ እማዬ።»

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወረቀቱን ማንበብ ጀመረች። መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። «ጭቃ» ለማለት «ጭካ» ብላ ጽፋ ኖሯል።

«ይቺ ግን የእኔ ናት» አለችና ሳቀች። «ነይ ክፈቺልኝ፣ ላርማት።»