የእትየ ከድጃ ዓይንና የዘሀራ ዋይፋይ

ሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም. ነበር። ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ያውም መታወቂያ ሲያወጡልኝ ፊቴን አይተው በገመቱት። ከዚያ በፊት ሐይቅ ከተማ ገበያ ላይ ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። ሰው ቴፑን ጥሎ ስልክ ሲይዝ እኔም ካቻቢቴዬን ኪሴ ከትቼ ሙሄ የሚባል ልጅ የስልክ ጥገና ቤት ገባሁ። ሙሄ ከመጨረሻ ልጄ ያንሳል። ሥራ ስጠኝ አልኩት።

«አባቴ፣ እንግሊዝኛ ያነባሉ?» አለኝ።

«አማርኛውንም በግድ ነው» አልኩት።

ሳቀና ተቀመጡ አለኝ።

በዚያ ቤት ማዕረግ ነበር። የሚበይደው ሙሄ ብቻ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሚፈታና የሚገጥም አለ። ከሁሉ በታች ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ከደንበኛ የሚቀበል ነው፤ እሱ እኔ ሆንኩ።

በዚያው ቀን አንድ ነጋዴ ኮምፒውተሬ ሞተ እያለ ባዶ እጁን መጣ። «ሰክተኸዋል?» አልኩት። ሊመታኝ ምንም አልቀረው። ሙሄ ከውስጥ ወጣና፣ ጋሼ፣ እስኪ ሶኬቱን ይንቀሉና ትንሽ ቆይተው መልሰው ይሰኩት፣ አንዳንዴ ኮረንቲው ያኮርፋል አለው። ሰውየው ሄደ፤ ሳይመለስ ቀረ። ሙሄ ኋላ ሲያስረዳኝ፣ ሰክተሃል ወይ ካሉት ሰደቡት፣ ነቅለህ ስካ ካሉት ግን አለመሰካቱን ራሱ ያይና ሳያፍር ይሰካዋል አለኝ። ከዚያ ወዲህ ኮረንቲ የሚያኮርፍበት አገር ሰው ሆኜ ቀረሁ።

ከውጫሌ ወዲያ የመጣ ገበሬ ደግሞ ነበር። ስልኩ አርዲቦ ሐይቅ ገብቶበት፣ እህል ውስጥ ቅበረው ውሃውን ይመጠዋል ብለውት፣ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀብሮት ከርሟል። ስፈታው በየቀዳዳው ጤፍ ገብቶ፣ ከባትሪው ሥር የነበረው በቅሏል። ውሃ የገባውን ስልክ ወዲያው ማጥፋት ነው፤ ባትሪውና ሲሙ ይወጣል፤ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ ይሰነብታል። እሳት ዳር አይሆንም፣ ጤፍም አይሆንም። ይህን ሁሉ ነግሬው ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጤፉስ ይበላል?»

ሙሄ ኋላ ዓረብ አገር ሄደና ቤቱን ለእኔ ተወልኝ። ስልክ ብቻ መሆኑም ቀረ፤ ዋይፋይ የሚባለው መጣ። ዓረብ አገር ያሉ ልጆች ለቤተሰብ እየላኩ ሲም የሚጎርስ ነጭ ሳጥን በየቤቱ ገባ። ከጠገንኩት ሁሉ የማልረሳው የዘሀራን ነው።

የዘሀራ ልጅ ሀያት ጂዳ ሾፌር ለሆነ ሰይድ ለሚባል ልጅ ታጭታለች። ዋይፋዩን የላከው እሱ ነው። ዘሀራ ቡፌው ላይ ዳንቴል አንጥፋ አስቀመጠችው። ጎረቤቷ እትየ ከድጃ ልታይ ገባች። ባሏ የሞተባት፣ አፏ ፈጣን ሴት ናት። ዘሀራ ራሷ ዓረብ አገር በነበረች ጊዜ ሀያትን ያሳደገቻት እሷ ናት። «ይቺ ሚጢጢ ናት ባሕር አሻግራ የምታናግር?» አለች። ከዓይን የሚጠብቀውን ማሻአላህ ማለቱን ረሳችው።

በዚያው ሰዓት ኔትወርኩ ጠፋ። የወሩ ጥቅል አልቆ ነው። የሞላሁላትም እኔ ነኝ። ለዘሀራ ብነግራት፣ ያለቀውኮ ስላየችው ነው አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እትየ ከድጃ በመጣች ቁጥር ይጠፋል ተባለ። ዘሀራ እየደጋገመች አስጠራችኝ። እኔ ስሄድ ዋይፋዩ ዳንቴሉ ላይ ተቀምጦ እንደ ሰዓት ይሠራል። ቻርጀሩን ቀየርኩ፣ ሲሙን አውጥቼ ጠረግኩ፣ አጥፍቼ አበራሁ። እቃው ጤነኛ ነው አልኳት።

«እኔስ ምን አልኩ አያ ይመር? እቃውማ ምንም የለበትም። ያየው ነው እንጂ።»

እንግዲህ ይህ ቀልድ አይደለም። በእኛ አገር ቡዳ የሚል ስም አንዲት ሴት ላይ አንዴ ከተለጠፈ ሳሙና አያስለቅቀውም። የወለደች ሴት ልጇን ትሸሽግባታለች። ይዛ የመጣችው ምግብ ለውሻ ይጣላል። የእትየ ከድጃ ነገር ወደዚያው እየሄደ ነበር። የኒካሑ ቀን ሲደርስ ዘሀራ ሰው ልካ እንዳትመጪ አለቻት። ያሳደገቻት ልጅ ስትዳር ማለት ነው።

ኒካሑ በቪዲዮ ነው፤ ሙሽራው ፈቃድ አላገኘም። እኔ በዚያ ቀን እንግዳ ነኝ፣ ካቻቢቴ አልያዝኩም። ስልኩን ፔርሙስ ላይ አስደግፈው ኒካሑን የሚያስሩት ሸህ እንድሪስና ሽማግሎቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሰይድ መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ አሠሪዬ ሳይጠራኝ ቶሎ በሉ ይላል። የሀያት አጎት ዳርኩህ አለው። ሰይድ «ኒካሑን ተቀ...» ብሎ አፉን እንደከፈተ ምስሉ ደርቆ ቀረ።

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። እትየ ከድጃ የምግብ ሰሀን ይዛ ቆማለች።

 ሰሀኗን ደፉ ላይ አስቀመጠችና እዚያው ተቀመጠች፤ አልገባችም፣ አልሄደችም። ሽማግሎቹ እሷን ላለማየት በሙሽራው አፍ ላይ ክርክር ገጠሙ። አንደኛው አፉን ከፍቷል፣ ልቡ ተቀብሏል፣ ይብቃ አለ። ሸህ እንድሪስ ስልኩን ቀረብ ብለው አዩት።

«አፍማ ለማዛጋትም ይከፈታል» አሉ።

እኔ ወደ ቡፌው አየሁ። ዳንቴሉ አለ፤ ዋይፋዩ የለም። ሽቦው ከሶኬቱ ተነሥቶ በመጋረጃው ሥር ወደ ጓዳ ይገባል። ተከትየው ገባሁ። ሽቦው የሄደው ቆርቆሮ የለበሰ ሳንዱቅ ውስጥ ነው። ዘሀራ ሳንዱቁ ላይ ተቀምጣለች። ተነሽ አልኳት፤ ግድ ሲላት ተነሣች። ስከፍተው ዋይፋዩ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ተጠቅልሎ፣ ልብስ ተጭኖበታል። ስነካው እንደ ትኩስ ዳቦ ያቃጥላል።

«ማነው እንዲህ የገነዘው?»

«እኔ ነኝ። እሷ ስትመጣ እሸሽገዋለሁ።»

«መቼ መቼ ነው የምትሸሽጊው?»

«ልክ በሩ ላይ ስትደርስ።»

«የሚጠፋውስ መቼ ነው?»

«ልክ በሩ ላይ ስትደርስ።»

 ይገባታል ብዬ ጠበቅኩ።

«ታዲያስ!» አለችኝ። «ሳልሸሽገው ቢሆንማ ይፈነዳ ነበር።»

እኔም ግትር ነኝ። ይህ በወሬ እንደማያልቅ አወቅኩ። ዋይፋዩን ነቅዬ፣ እስኪበርድ በእጄ እያራገብኩ ወደ ሳሎን ወጣሁ። ማከፋፈያ ገመድ ሰካሁና እስከ በሩ ጎተትኩት። ከዚያ እትየ ከድጃን ግቢና ያዥልኝ አልኳት።

«አልገባም» አለች። «አንተም ይመር አፍረህ ተቀመጥ። እኔ ቡዳ ከሆንኩ የምበላው ሰው አጥቼ ነው ፕላስቲክ የምበላ?»

«እንደዚያ ከሆነ እያየሽው ይሥራ። ዓይንሽን እንዳትነቅዪ።»

ከሙሽራዋ ክፍል ሀያት ስትጣራ ተሰማ። «እማ ከድጃ፣ ግቢልኝ» አለች። 

እትየ ከድጃ ተነሥታ ገባች፤ ሽማግሎቹ መካከል ቁጭ አለች። ዋይፋዩን ሰክቼ ጭኗ ላይ አደረግኩት። አፈጠጠችበት። መብራቱ ቀይ ሆነ። አንዱ ሽማግሌ አዑዙ ቢላህ አለ። እኔ ኔትወርክ ሲፈልግ መጀመሪያ ቀይ ነው፣ ታገሡ አልኩ። ዘሀራ ከመጋረጃው ሥር አንገቷን አውጥታለች። ቤቱ በሙሉ የዚያችን ሴት ጭን ያያል። ቀዩ ብልጭ ብልጭ አለ፣ ጠፋ፣ አረንጓዴ ሆነ። እትየ ከድጃ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር አልነቀለችም። አረንጓዴው እንደበራ ቆየ።

«ምን አለ?» አሉ ሸህ እንድሪስ በድንገት።

ለካ ሰይድ ከተመለሰ ቆይቷል። ተቀብያለሁ ብሏል፤ ያየውም የሰማውም የለም። ይድገም ተባለ። ደገመ። ምስክሮቹ ዓይናቸው መብራቱ ላይ ስለነበር አሁንም አልሰማንም አሉ።

«ኧረ አባቶቼ» አለ ሰይድ፣ «ስንት ጊዜ ነው የማገባት?»

በሦስተኛው ተሰማና ዱዓ ተደረገ። ዘሀራ ከጓዳ ጋቢውን ይዛ ወጣችና ለእትየ ከድጃ ትከሻ ላይ ደረበችላት። ይቅርታ አላለችም። ጋቢው ግን ገና ሙቅ ነበር። ደፉ ላይ የቀረውን ሰሀን አንስታ ሽማግሎቹ ፊት ያቀረበችውም ዘሀራ ራሷ ናት፤ በሉ፣ እየበረደ ነው አለች። ሸህ እንድሪስ አስቀድመው ጎረሱ።

ወደ ጥገናው ሥራ ለምትገቡ ልጆች የምለው ይህ ነው። ዋይፋይ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጣል። አይሸፈንም። ብረት ውስጥ አይገባም። እናንተ ስትገቡ የሚሠራ፣ ስትወጡ የሚጠፋ እቃ ካጋጠማችሁ እቃውን አትፍቱት፤ ሲጠፋ በቤቱ ውስጥ ማን ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ።

በማግስቱ ጧት ሱቄን ስከፍት ከአምባሰል በኩል በመጀመሪያው ሚኒባስ የመጣ ሰው ደጃፌ ቆሟል። የሞተ ስልክ ይዟል፤ ቻርጅ አልቀበል ብሎታል። እኔን ፈልጎ አይደለም። በዓይኗ ኔትወርክ የምታመጣዋ ሴትዮ ቤቷ የት ነው አለኝ። እስኪ ስልኩን አሳየኝ ብዬ ተቀበልኩት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና በቀጭን ስንጥር የቻርጀር ቀዳዳውን ጠረግኩት፤ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆ ነበር። ትንሽ ሰካሁት፤ ኮረንቲ ያዘ። አጠፋሁትና መለስኩለት።

«ከመስጊዱ አልፈህ ቀይ በር ያለው ነው» አልኩት። «እሷ ሳታየው እንዳትከፍተው።»