የአክስቴ ነጭ ሽንኩርት እና የሙላት ጨው

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ደውላ፣ «አያቴ፣ ጨው ውሃ ውስጥ የተነከረ ድንች ለምን ይልፈሰፈሳል?» አለችኝ። የቤት ሥራዋ ነው። መለስኩላት፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ብቻዬን ስነጫነጭ ዋልኩ። ይህን ጥያቄ ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ቀየት በምትባል ትንሽ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ስማር የምኖረው ከአክስቴ ከእትዬ አስካለ ጋር ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ የምትተዳደረውም ጓሮዋ ውስጥ በምታለማው ነጭ ሽንኩርት ነው። ከጓሮዋ በላይ ሙላት የሚባል ቆዳ ነጋዴ መጋዘን ሠራ። በዕድሜው አንቱ የሚባል ሰው ነበር፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ እሱ እለዋለሁ። ፋሲካ ሲያልፍ ከየቤቱ የበግ ቆዳ ሰብስቦ፣ ጨው እየነሰነሰ ይከምራል። ከክምሩ የሚንጠባጠበውና ወለሉ የታጠበበት ውሃ በቦይ ወርዶ አክስቴ መደብ ላይ ይተኛል።

የዚያ ዓመት በልግ ደህና ዘንቦ፣ ማሳው ሁሉ ለምልሞ ነበር። የአክስቴ ሽንኩርት ግን እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ጠወለገ። ሙላትን ብትጠይቀው፣ «አጠጪው እንጂ፤ በውሃ የሞተ ተክል የት ታይቷል?» አላት።

በዚያው ሰሞን የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ኦስሞሲስ አስተማሩን። የሕዋስ ስስ ሽፋን ውሃ ያሳልፋል፣ ጨው ግን እንደ ልብ አያሳልፍም። ውጭው ጨው ከበዛበት ከተክሉም ከእንስሳውም ሕዋስ ውሃው ተመጦ ይወጣል። «ቆዳ በጨው የማይበሰብሰውም ለዚህ ነው» አሉ። እጄ ላይ ያለውን እስክሪብቶ ረሳሁት። ለሙላት የሞተ በግ ቆዳ የሚያቆይለት ነገር፣ የአክስቴን ሕያው ሽንኩርት እየገደለ ነው ማለት ነው።

አክስቴ ሽማግሌ ጠራች። ሽማግሌዎቹም የተቀመጡት ሙላት ቤት፣ የቀረበላቸውም የእሱ ጥብስ ነው። እኔ አንድ ድንች በስሱ ቆርጬ፣ ግማሹን በምንጭ ውሃ፣ ግማሹን ከቦዩ በቀዳሁት ውሃ ነክሬ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ጠላቸውን ሲጨርሱ ሰብሳቢው መምሬ የቦዩን ድንች አንስተው ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት። የምንጩን ሊያጥፉት ቢሞክሩ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«እውነት ነው፤ የጎዳው ጨው ነው» አሉ።

ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ «ሙላት ሆነ ብሎ አላደረገውም። ሽንኩርቱም አንዴ ሄዷል። ጎረቤት ናችሁ። በይ አስካለ፣ ተነሺና ይቅር በይው።»

ማስታረቅ ደግ ነገር ነው፤ አገራችንን ያቆማት እሱ ነው። ነገር ግን ተበዳይ እንድትነሣ ታዝዛ በዳይ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ዕርቅ ምን ዓይነት ዕርቅ ነው? ማስረጃውን በእጃቸው ጠምጥመው አይተውት የለም ወይ?

አክስቴ ተነሥታ ጉንጩን ሳመችው። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ዕርቁን ተቀብያለሁ፣ መምሬ። ቦዩን ግን ማን ያዞረዋል?» አለች።

አንደኛው ሽማግሌ ጥብሱ እየቀዘቀዘ ነው አሉ።

ትናንት የልጅ ልጄ ደግማ ደወለች። «አያቴ፣ ዐሥር ከዐሥር አገኘሁ።»

እኔም ያኔ በዚሁ ጥያቄ ዐሥር ከዐሥር አግኝቼ ነበር። ወረቀቱን ላሳያት ወደ ጓሮ ስሮጥ፣ አክስቴ ጎንበስ ብላ የደረቀውን ሽንኩርት ትነቅላለች። «ጎበዝ» አለችኝ ቀና ሳትል። የሙላት ውሃ በእግሮቿ መሀል እየወረደ ነበር።