ቦቴው የሚመጣበት ቀን

የዚያን ቀን ደመናው ከጠዋት ጀምሮ ሰቆጣ ላይ ተኝቶ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ከዝቋላ ቆላ የተነሣ ነፋስ አቧራውን እየጠረገ በየሱቁ በር አስገባው። ሰዉ ወደ ውጭ ወጥቶ ሽቅብ አየ። ሁለት ሦስት ጠብታ ቆርቆሮውን መታ መታ አድርጎ ተወ።

"አረገዘ አረገዘና አስወረደው፤ ልማዱ ነው!" አለች ሀዲያ፣ በር ላይ የሰቀለቻቸውን ሻሾች ከአቧራ እያራገፈች።

ጎረቤቷ አገኘሁሽ አልሳቀችም። ጊዜው የ2008 ዓ.ም. የካቲት ነበር። ያለፈው ክረምት ዋግን ከድቷት፣ ቆላው ውስጥ ምንጭ የተባለ ሁሉ ደርቆ፣ ሰዉም ፍየሉም በቦቴ በሚመጣ ውኃ ነበር የሚያድረው። የእሷ ልብ ግን ደመናው ላይ አልነበረም። ጓዳ ውስጥ ስልክ ላይ ያጎነበሰው ወንድሟ ላይ ነበር።

አገኘሁሽ ትምህርቷን ያቋረጠችው ከሰባተኛ ክፍል ነው። አባቷ ሲሞት እናቷ "ከሁለታችሁ አንዳችሁ ይማር" አለች፤ ማንኛቸው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም። እሷ ጅዳ ሄዳ የሰው ቤት ስትጠርግ ታናሽ ወንድሟ ምሳው ኮምፒውተር ተማረ። በ2006 ሐበሻው ከሳዑዲ ሲባረር እሷም አብራ ተመለሰች። ከሀዲያ ሱቅ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች፤ አንድ ኮምፒውተር አስቀምጣ፣ ስልክ ቻርጅ እያደረገች፣ ሲም ካርድ እየሸጠች መኖር ያዘች። ገና ሠላሳ አልሞላትም፤ ሰው ግን "እትዬ" ይላት ጀምሯል።

ምሳው ሥራ አላገኘም። እኩዮቹ በኦቦክ ወደብ ባሕር ተሻግረው የመን፣ ከየመንም ሳዑዲ እየገቡ ነበር። ባሕሩ ላይ የቀሩም አሉ። እሱም በሆዱ ጓዙን ሸክፎ ሳለ፣ ቦቴ የሚያሰማራ አንድ ድርጅት ድረ ገጽ አሠራው። ቦቴው በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቀበሌ፣ የቱ ጋ እንደሚቆም እዚያ ይወጣል። በገበያ ቀን ሰዎች ወደ አገኘሁሽ ክፍል ጎራ ሲሉ ኮምፒውተሯን ከፍታ ታነብላቸዋለች፤ አማርኛ ለሚከብደው በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ትነግረዋለች። ከጅዳ ወዲህ ደስ ያላት ሥራ ቢኖር ይኸው ነበር።

ገጹ ግን ያለ ኔትወርክ አይከፈትም፤ ቆላው ውስጥ ደግሞ ኔትወርክ የሚገኘው ተራራ ለወጣ ሰው ብቻ ነው። "ስልኩ ውስጥ የሚቀመጥ አፕ አድርገው" አሉት የድርጅቱ ሰዎች፤ "ይህ በጋ በደህና ካለፈ በቋሚነት እንቀጥርሃለን።"

መጀመሪያ ገጹን እንዳለ በአፕ ቅርፊት ጠቀለለው። ተራራው ላይ ሠራ፤ ቆላ ሲወርዱ ነጭ ሆኖ ቀረ።

"ኢንጂነሩ፣ አስኳሉ የታለ? ቅርፊት ብቻ እኮ ነው የሰጠኸን!" ብላ ሀዲያ አሾፈችበት።

ከዚያ ሁሉን አፍርሶ፣ ለስልክ ብሎ እንደ አዲስ ሠራው። አፑ ፕሮግራሙን አንዴ ካወረደ በሆዱ ይይዛል። ሳምንቱ ሲያልፍ ይቀላና "አዲስ አውርድ" ይላል፤ ሳምንቱ ካላለፈ ደግሞ የሰው ካርድ ላለመብላት ምንም አያወርድም።

"እታለም፣ ይኼ ከያዘልኝ የትም አልሄድም" አላት።

"ይያዝልህ። እኔ ሌላ ምን አለኝ።"

በዚያ ደመናማ ቀን አያ ገብረ ሊባኖስ ከዝቋላ መጡ። የቀበሌያቸው የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ምሳው አፑን በብሉቱዝ ላከላቸው፤ እንዴት እንደሚከፈትም አሳያቸው።

"አሁን ይህ ነገር ራሱ ይናገራል?"

"አይናገርም አያ፤ ያሳይዎታል።"

"የሚያሳይማ እኛም አገር ሞልቷል፤ የጠፋው የሚያመጣው ነው!" አለች ሀዲያ ከበሩ ሆና እየሳቀች። ሽማግሌውም ፈገግ አሉ። "በል ልጄ፣ እግዜር ያሳድግህ። ከእንግዲህ ቀን ልጠይቅ ይህን ሁሉ መንገድ አልመጣም።"

እንዳሉትም አልመጡም። አገኘሁሽ የአፑ ነገር ሰመረ ብላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ወንድሟ ትዳር ማሰብ ጀመረች።

መጋቢት ሲጋመስ ግን ሽማግሌው ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ብቅ አሉ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ማክሰኞ ወንዙ ዳር ይላል" አሉ። "ማክሰኞ አህያችንን ይዘን፣ ጀሪካን ደርድረን ዋልን። በሚቀጥለውም ሳምንት ዋልን። ለካ መንገዱ ተበላሽቶ ቦቴው ዓርብ ከገደሉ ማዶ እንዲቆም ሆኗል። መጥቶ ሰው ሲያጣ፣ እነዚህ ውኃ አልቸገራቸውም ብለው ለሌላ ቀበሌ ሰጡት።" ስልኩን ወደ ምሳው ገፉት። "እኛ የወንዙን አሸዋ ቆፍረን ያገኘነውን ጠጣን። የልጄን ሕፃን ተቅማጥ ወሰደው።"

ምሳው ስልኩን አነሣ። የያዘው የየካቲትን ፕሮግራም ነው፤ አልቀላም። ከዚያ ስልኩ የሚያሳየውን ቀን አየ። ዓመቱ 2008 ይላል።

ዋግ ውስጥ ስልክ ሲገዛ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ቀኑንና ሰዓቱን ወደ ሐበሻ መመለስ ነው፤ ያለዚያ ጾሙም፣ ማኅበሩም፣ ገበያውም አይያዝም። አገኘሁሽ ራሷ ለስንቱ አስተካክላለች። ድረ ገጹ ቀኑን የሚያውቀው ከሩቁ ኮምፒውተር ነበር። አፑ ግን ዛሬ ስንት እንደሆነ የሚጠይቀው ያደረበትን ስልክ ነው። ፕሮግራሙ በፈረንጅ አቆጣጠር 2016 ተብሎ ተጽፏል፤ ስለዚህ በሽማግሌው ስልክ ያ ሳምንት ዓመታት የቀሩት እንጂ ያለፈ አልነበረም። ተራራ ላይ ወጥተው ኔትወርክ ሲያገኙ እንኳ አዲሱን አላወረደላቸውም። ምሳው የሞከረው በራሱና በእህቱ ስልክ ነበር። እሱ ከኮሌጅ፣ እሷ ከጅዳ ለምደው የፈረንጁን እንዳለ ትተውታል። ሁለቱም ይህን አላሰቡትም።

"አያ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የስልኩ ቀን..."

"ቀኑንስ የቆረጠው ፈጣሪ ነው" አሉት። "ብቻ ይህን ነገር አጥፋልኝ። ከእንግዲህ ሰው እንልካለን።"

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ስህተቱን ለማረም አንድ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። የታረመውን የሚጭን ግን ጠፋ። ወሬው ከአያ ገብረ ሊባኖስ ቀድሞ ቆላውን ዞሮታል፤ የሌሎቹም ቀበሌዎች ሰዎች ስልካቸውን እያመጡ አገኘሁሽን "አጥፊልን" አሏት። ድርጅቱም ቀኑን በመልእክተኛ ወደ ማስነገር ተመለሰ። የቅጥሩን ነገር ያነሣ የለም።

ከፋሲካ በኋላ ምሳው ልብሱን በፌስታል ሲያደርግ አየችው።

"ምን ልታገኝ ነው? እኔ አይቼው የመጣሁት አገር ነው።"

"እዚህስ ገበያ ወጥቼ የማንን ዓይን አያለሁ እታለም?"

"ሰው ይረሳል።"

"አያ ገብረ ሊባኖስ ይረሳሉ?"

እግሩ ላይ መውደቅ፣ በሟች እናታቸው አጥንት መለመን ትችል ነበር። እሷም በጊዜዋ ተለምና አልቀረችም። ዳቦ ቆሎ ቆልታ ስንቁን ቋጠረችለት። ሀዲያ ደጁ ድረስ ሸኘችው፤ የዚያን ዕለት ቀልድ አላወጣችም። "አላህ ከባሕሩ ያውጣህ" ብቻ አለችው።

ከኦቦክ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ጀልባ እየጠበቁ መሆናቸውን፣ ደህና መሆኑን ነገራት። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አይሠራም። ከእሱ ጋር የተሻገሩ የጎረቤት ከተማ የአምደወርቅ ልጆች አንዳንዶቹ ሳዑዲ፣ ጂዛን ገብተዋል፤ አየሁት ያለ ግን የለም።

አገኘሁሽ ዛሬም ሰቆጣ ናት። ኮምፒውተሩን ሸጣ፣ በዚያችው ክፍል ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች።