የደርሶ መልሶቹ ወንበር

ልብስ ተኳሿ በሰልፍ ቀልድ አታውቅም። አውቶቡስ መነሻው ላይ መሃል ሊሸጎጥ የሚሞክር ሁሉ፣ እሷን ካየ ሹልክ ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ላውንድሪ ቤት ቆማ ካውያ ስትገፋ የምትውል ሴት፣ መንገድ ላይ እንኳ ብትቀመጥ ምን አለበት? ግን ማን አስቀምጧት!

ብልጦቹ መነሻው ላይ አይሰለፉም። በእግራቸው ወደ ቀጣዩ ፌርማታ ይሄዱና፣ ወደ መነሻው የሚመለሰውን ባዶ አውቶቡስ ተሳፍረው ወንበሩን ይይዛሉ። መነሻው ሲደርስ አይወርዱም። ሲሰለፍ ያረፈደው ሕዝብ በሩ ሲከፈትለት የሚያገኘው መቆሚያ ነው። ደርሶ መልሶች ይባላሉ። ሹፌሩም ያውቃል፣ ትኬት ቆራጯም ታውቃለች፣ ትንፍሽ የሚል የለም። ልብስ ተኳሿ ይህን ባሰበች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

የዚያን ዕለት እናቷን ሐኪም ቤት ልትወስድ ነበር። እናትየው ዳሌያቸውን ቀዶ ጥገና ካደረጉ ገና ቅርብ ነው፤ ሐኪሙ ብዙ እንዳይቆሙ አስጠንቅቋል። መንገዱ ደግሞ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ነው። ባሏን አብሮ እንዲሄድ ለምናው ነበር። ጥበቃ ነው። «ከእናንተ ጋር ስንቀረፈፍ አለቃዬ ይጨርሰኛል» አለና የተኮሰችለትን ኮት ለብሶ ቀድሟቸው ወጣ።

«ልጄ፣ እኛስ እንደ ሰዉ ከወዲያ ተሳፍረን ብንመጣ?» አሉ እናትየው።

«ሰልፍ እያለ? ሞቼ ነው፣ እማዬ!»

ከሰልፉ ፊት ነበሩና ቀድመው ገቡ። አንድም ባዶ ወንበር የለም። በሩ አጠገብ፣ «ለአረጋውያን» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈበት ሥር፣ አንድ ሰው ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል።

«ወንድሜ፣ እናቴን አሟት ነው፤ ተነሥላት።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እንዲያውም ማንኮራፋቱን ጨመረ።

«ዓይንህን በጨው ታጥበህ ነው የመጣኸው? አንተን የወለደች እናት የለችም?»

«ደክሞት ይሆናል» አለ አንዱ ከኋላ፣ ከወንበሩ ንቅንቅ ሳይል።

«በጠዋቱ ምን ሠርቶ ነው የሚደክመው?»

አውቶቡሱ ተነሣ። እናትየው ብረቱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ውይ!» አሉ። ልጃቸው ልትደግፋቸው ጎንበስ ስትል ዓይኗ የሰውየው ኮት እጅጌ ላይ አረፈ። ክርኑ ሥር ትንሽ ቡናማ ነጥብ አለች። ጠዋት «ቶሎ በይ!» እያለ ሲያጣድፋት ካውያው ያሳረራት ነጥብ ናት።

ክው አለች። ከዚያ ኮፍያውን አነሣችው። የባሏ ዓይኖች እንቅልፍ የሚባል ነገር አልዞረባቸውም።

«ተይው ልጄ፣ ሰው ፊት አታዋርጂው» አሉ እናትየው ቀስ ብለው።

ባልየው ተነሣ። እናትየው ተቀመጡ፣ እግራቸውን ዘረጉ፣ ተነፈሱ። እሱ ፊቱን አልቦት ሚስቱ አጠገብ ብረቱን ይዞ ቆመ።

«እኔ እኮ…» ብሎ ጀመረ።

እሷ መስኮቱን እያየች ነበር።

«ጋሼ፣ መንገድ ዘግተዋል» አለችው። «ወደ ውስጥ ጠጋ ይበሉ።»