በአቋራጩ ና

መቼ እንደነበር ልክ ቀኑን አላስታውስም፤ ክረምቱ ልውጣ አልውጣ እያለ ሲያቅማማ ይመስለኛል። ዛሬ ጠዋት ዝናብ የነካውን ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሴን፣ ፀሐይ ላይ ሳሰጣ፣ የረጠበው ሱፍ ሽታ ያንን ቀን ይዞብኝ መጣ።

ባና በስልክ መሸጥ የጀመርኩ ሰሞን ነበር። የመሸጫውን ገጽ የከፈተችልኝ ከዓረብ አገር የተመለሰችው ጎረቤቴ ናት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ ስጽፍ እንዳረጀች በቅሎ ቀስ እያልኩ ነው።

አንድ የወረኢሉ ነጋዴ ባና ሊጭን መካነ ሰላም ሊመጣ ሲል፣ "በአቋራጩ ና፤ ደርቋል" ብዬ ጻፍኩለት። አቋራጩ ገደሉን ታክኮ የሚያልፈው ነው። ከዚያ ዶፍ ወረደ። በማግስቱ ከዚያ በኩል የመጣ ገበያተኛ፣ "የመንገዱ ጠርዝ ተሰንጥቋል፤ ከሥሩ ውሃ ይሰማል" አለኝ።

ገጹ የገዢን ስልክ ቁጥር አያሳይም፤ ያለው መጻፍ ብቻ ነው። የጻፍኩትን ነካ አድርጌ "በአቋራጩ አትምጣ" ብዬ አረምኩት። ዘግቼ ስከፍተው "በአቋራጩ ና፤ ደርቋል" ይላል። አጠፋሁት፤ ተመለሰ። የቀበሩት ነገር ተነስቶ ደጅ ሲቆም እንደማየት ነበር። ጉሙ ከገደሉ ወደ ከተማው ይወጣ ነበር።

አዲስ ልጻፍ አልኩ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ደኅንነቱ ሳይጠየቅ ጉዳይ አይነገረውም። ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን ጠይቄ፣ መርቄ፣ የመንገዱን ነገር መጨረሻ ላይ አደረግሁት። "ወአለይኩም ሰላም አባባ፣ አልሐምዱሊላህ ሁሉም ደህና፤ ተነስቻለሁ" የሚል መልስ መጣ። ስለ መንገዱ ምንም። ደግሜ ጻፍኩ። "አሜን አባባ! ዛሬስ ምርቃቱ በዛ" አለኝ።

ስልኩን ይዤ ወደ ጎረቤቴ ሮጥኩ። አየችው።

"አባባ፣ ይሄ ነገር ጽሑፉ ሲረዝም ጭራውን ይቆርጠዋል፤ እኔንም አድርጎኛል። የደረሰው ሰላምታው ብቻ ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ሰላምታውን ይተዉት።"

"በሰው ፊት ላይ በር መዝጋት አይሆንም?"

"ይዝጉበት! ወላሂ፣ ይትረፍና በኋላ ይመርቁታል።"

"ቁም። አቋራጩ ሊናድ ነው" ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ራቁቱን የሆነ ቃል ለሰው ልኬ አላውቅም። መልስ የለም። አጠገቤ ተቀመጠች። ምን ያህል እንደቆየን እንጃ።

በመጨረሻ መልሱ መጣ። "ስልኬን ልይ ብዬ አቋራጩ አፍ ላይ ቆሜ ነበር። ከፊቴ ያለው መሬት አሁን ተንዶ ሄደ" ይላል።

"አብሽሩ አባባ፣ አይዞዎት" አለችኝና መልእክቱን ደግማ አነበበችው።

ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ ባሕር ተሻገረች። ቤቷ እንደተዘጋ ነው። ዛሬ ለገዢ ሁሉ ጉዳዩን አስቀድማለሁ። ለእሷ ስጽፍ ግን እንደ ድሮው ነኝ፤ እንዴት ሰነበትሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው፣ አሠሪዎችሽ እረፍት ይሰጡሻል ወይ እላለሁ። ጭራው ቢቆረጥም ግድ የለኝም፤ ከሰላምታው ሌላ ጉዳይ የለኝም። ዘሃራ ትባላለች።