አመድ ውስጥ የተቀበረ ማረሻ

ደብረ ታቦር ከሚገኝ አንድ ብየዳ ቤት ሥራ በጀመርሁበት ዕለት፣ አለቃዬ ጋሽ ዘውዱ የተሰበረ ማረሻ ይዘው ጠበቁኝ። ማረሻው ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ነው፤ ባለቤቱ አቶ ካሳው ከአንበሳሜ አካባቢ የመጡ አዛውንት ገበሬ ናቸው።

ጋሽ ዘውዱ በየዱትና ገና እንደጋመ ውኃ ባለበት ባልዲ ነከሩት። ከእንፋሎቱ ሥር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ባሌስትራ ጠንካራ ብረት በመሆኑ በድንገት ሲቀዘቅዝ እንደሚሰነጠቅ ማንበቤን ነገርኋቸው። ውኃ ሲፈላ እንደሚጮህ አስረዱኝ።

በሳምንቱ አቶ ካሳው ተመለሱ። ማረሻው ከብየዳው ጎን ተሰብሯል። ጋሽ ዘውዱ አገላብጠው አዩትና፣ «የእኔ ብየዳ ደኅና ነው፤ የተሰበረው የአንቱ ብረት ነው» አሏቸው።

ሽማግሌው ለክርክር ጊዜ አልነበራቸውም። ያላቸው አንድ በሬ ስለሆነ ከጎረቤታቸው ጋር አቀናጅተው በተራ ያርሳሉ። ተራቸው ነገ ነው፤ ካመለጣቸው ጥማዱ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሄዳል፣ የጤፍ መሬታቸውም ሳይታረስ ይሰነብታል። ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

የስብራቱን ጠርዝ በግራይንደር ሞረድሁ፤ ብረቱን በከሰል እሳት አሞቅሁ፤ በየድሁና አመድ በሞላው በርሜል ቀበርሁት። በዝግታ እንዲቀዘቅዝ እስከ ማታ መቆየት እንዳለበት፣ ከዚያም ጫፉ ብቻ ግሎ በዘይት እንደሚጠነክር ገለጽሁ።

«ምን አጠፋሁና ብረቴን ትቀብረዋለህ?» አሉ አቶ ካሳው።

ጋሽ ዘውዱ፣ «መጽሐፍ ስለሚያነብ ነው» ሲሉ አጽናኗቸው።

የተቃጠለ ዘይት ከጎረቤት ጋራዥ አምጥቼ ስመለስ ሁለቱም ባልዲው ላይ አጎንብሰዋል። ማረሻውን ከአመዱ አውጥተው፣ ሥራ ሊያቀሉልኝ፣ አቀዝቅዘውልኛል። ከብየዳው ጎን ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ተጋድሟል።

መናገር እንደማይጠቅም ገባኝ። ሁሉንም እንደገና ጀመርሁ፤ ስጨርስ የበርሜሉን ክዳን ገጥሜ ተቀመጥሁበት። ጋሽ ዘውዱ ሌላ ሥራ መኖሩን ቢያሳስቡኝ፣ ሥራ ላይ መሆኔን ነገርኋቸው። የአንበሳሜ የመጨረሻ መኪና ሄደ።

አቶ ካሳው ከፊቴ ቆሙ። «አንተ ልጅ፣ እንቁላል ታቅፈሃል እንዴ?»

በማግስቱ ጫፉን አግዬ በዘይት ነከርሁት፤ ተሰባሪ እንዳይሆንም አጽድቼ፣ መልኩ የገለባ እስኪመስል መልሼ አሞቅሁት። ተቀብለውኝ ሲሄዱ ተራቸው አልፏል። አልመረቁኝም።

ቀጣዩ ተራቸው ደርሶ ካረሱ በኋላ ሌላ ማረሻ ይዘው መጡ፤ የጎረቤታቸው ነው። ጋሽ ዘውዱ እጃቸውን ቢዘረጉ አለፏቸውና ለእኔ ሰጡኝ።

«ይኸንንም ቅበርልኝ። እኔው እቀመጥበታለሁ።»

ጋሽ ዘውዱ እኔን ያስተማሩኝ ራሳቸው መሆናቸውን ለአቶ ካሳው ነገሯቸው። ባልዲው አሁንም ከጠረጴዛው ሥር አለ፤ ጠዋት ጠዋት ውኃውን እደፋለሁ፣ እርሳቸው ይሞሉታል።

ጠንካራ ብረት ከመበየዱ በፊት ይሞቃል፤ ከተበየደ በኋላ በዝግታ ይቀዘቅዛል። እስኪቀዘቅዝ ድረስ የሚጠብቀው በያጁ ነው።